ከሃያ ሦስት እስከ ሠላሳ ሦስት

ስልኩ የጮኸው ረፋዱ ላይ፣ አምስት ሰዓት ሲሆን ነው። ጠጋኟ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለችው ጠባብ ክፍሏ ተቀምጣ አልሰረዝ ካለ ፋይል ጋር ትታገል ነበር። ጠጋኟ የሚለውን ቅጽል ያወጡላት የደም ባንኩ ሠራተኞች ናቸው። ለመሥሪያ ቤቱ ፕሮግራም የምትጽፈው እሷ ብቻ ስለሆነች፣ ፋይል ጠፋ ሲባል ፈላጊዋ እሷ፣ ፎልደር አልከፈት አለ ሲባል ከፋቿ እሷ፣ ፕሪንተር አኮረፈ ሲባልም አባባይዋ እሷው ናት።

«ልጄ፣ ነይ ውረጂ» አለች እናቷ በስልኩ። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

እናትየዋ ስልክ ካነሳች ሰላምታው ብቻ ሩብ ሰዓት የሚፈጅባት ሴት ናት። ጠጋኟ ወንበሯን እንኳን ሳትመልስ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወረደች።

እናቷ ምድር ቤት ያለው የመለያ ክፍል ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርታለች። ትናንት የተለገሰው ደም ላቦራቶሪ ገብቶ ከተመረመረ በኋላ፣ በእያንዳንዱ ከረጢት ላይ የደሙን ዓይነት የሚናገር መለያ ወረቀት የምትለጥፈው እሷ ናት። ድሮ በእጇ ትጽፈው ነበር። ከሦስት ዓመት ወዲህ ግን ልጇ በሠራችው ፕሮግራም ትገለገላለች። የከረጢቱን ቁጥር ታስገባለች፤ ፕሮግራሙ ከላቦራቶሪ የመጣውን የውጤት ፋይል ከፍቶ የዚያን ቁጥር የደም ዓይነት ያነባል፤ ፕሪንተሩ ያትማል፤ እሷ ትለጥፋለች። ሠራተኛው ሁሉ «እትዬ መለያ» ይላታል። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ከረጢት አሳስታ አታውቅም። ጡረታ ለመውጣት ሁለት ወር ቀርቷታል።

ጠጋኟ ስትገባ እናቷ ከኮምፒውተሩ ፊት ቆማለች፤ ሁለት እጆቿን ነጭ ካፖርቷ ኪስ ውስጥ ከታለች። ኃላፊው ዶክተር አጠገቧ ቆሟል። ጠረጴዛው ላይ አንድ የደም ከረጢት ተጋድሟል።

«ይህ ከረጢት ከሆስፒታል ተመልሶ ነው የመጣው» አለ ዶክተሩ፣ ጠጋኟ ገና በሩን ሳትዘጋ። «ቁጥር ሃያ ሰባት። መለያው ኤ ይላል። የሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ለታካሚው ከመስጠቱ በፊት ሲያመሳክረው ቢ ሆኖ አገኘው። እኛም አሁን ደግመን መረመርነው። ቢ ነው።»

ጠጋኟ ጎንበስ ብላ መለያውን ራሷ አነበበችው። የኤ ደም ያለው ሰው ቢ ቢሰጠው ምን እንደሚሆን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ እዚህ ቤት የጽዳት ሠራተኛዋም ታውቀዋለች።

«ሌሎቹስ?»

«ከፊቱና ከኋላው ያሉትን፣ ሃያ ስድስትንና ሃያ ስምንትን አስመርምሬያለሁ። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ኦ የሚለው ኦ ነው። የተሳሳተው እሱ ብቻ ነው ማለት ነው።»

ጠጋኟ ተቀመጠች። የውጤት ፋይሉን ከፈተች፤ ሃያ ሰባት፣ ቢ። ፕሮግራሙ ላይ ሃያ ሰባት ብላ አተመች። ፕሪንተሩ ትንሽ አጉረመረመና ወረቀቱን ተፋው፤ ቢ። ደግማ አተመች፤ ቢ። ሦስተኛ አተመች፤ አሁንም ቢ።

«እንግዲህ» አለ ዶክተሩ ቀስ ብሎ። «ማሽኑ ትክክል ከሆነ...» አልጨረሰውም። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ደግሞም ከእናቷ በአሥራ አምስት ዓመት ያንሳል፤ ፊት ለፊት ሊናገራት ከበደው። «እትዬ፣ በእጅ ማስገቢያውን ተጠቅመው ይሆን? የላቦራቶሪው ፋይል ሲዘገይ የደሙን ዓይነት ራስዎ የሚጽፉበት መስኮት አለ አይደል? ምናልባት አንድ መስመር ዘለው...»

«በእጅ አላስገባሁም ዶክተር።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

እናትየዋ ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አለች። ጠጋኟ ቀና ብላ አየቻት። እናቷ ከረጢቱን ነው የምታየው። መነጽሯ አፍንጫዋ ላይ ወርዷል። ጠጋኟን ከከረጢቱ ይልቅ ያስፈራት ይህ ነው። በቤት ውስጥ ቁልፍ የት እንዳስቀመጠች የማትረሳ፣ የጎረቤት ልጆችን የልደት ቀን በቃሏ የምትቆጥር እናቷ፣ ራሷን ተጠራጥራ ስታያት ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«እርግጠኛ ነበርኩ» አለች እናትየዋ።

ዶክተሩ ስልኩ ሲጠራ ወጣ። ሦስቱ የከተማ ዳር ቅርንጫፎች በዚሁ ፕሮግራም ነው የሚሠሩት፤ ወሬው ደርሷቸው ሥራ እናቁም ወይስ እንቀጥል እያሉ ይጠይቁት ጀምረዋል።

ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ ጠጋኟ ወንበር ስባ ለእናቷ ሰጠቻት።

«እማ፣ ቁጭ በይ። ጠዋት ከገባሽበት ጀምሮ ያደረግሽውን ሁሉ ንገሪኝ። አንድም ነገር እንዳትዘይ። ‹እንደ ሁልጊዜው› እንዳትይኝ።»

«እንደ ሁልጊዜው ነው እንጂ ሌላ ምን አለ?»

«እማ!»

«እሺ፣ እሺ አትጩኺ።» መነጽሯን አውልቃ በካፖርቷ ጫፍ ጠረገችው። «ሁለት ተኩል ላይ ከፈትኩት። ፋይሉ ደርሷል። ከአንድ ጀምሬ አተምኩ። ቁጥሩን ከከረጢቱ ጋር እያስተያየሁ ነው የምለጥፈው፤ ታውቂያለሽ። ሃያ ሁለት ላይ ስደርስ የሪፖርት ሠራተኛው መጣ፤ ያ ቀጭኑ።»

«ምን ፈልጎ?»

«ያለፈው ወር የአንድ ቀን ዝርዝር ጎደለኝ አለ። አለቃ ቆሞ ይጠብቀኛል ብሎ ለመነኝ። ‹ክፈት› የሚለውን ነክቼ ያለፈውን ወር አወጣሁለት። አየ፣ ጻፈ፣ መረቀኝና ሄደ። እኔ ከሃያ ሦስት ቀጠልኩ።»

ጠጋኟ ማውሱን ለቅቃ ወደ እናቷ ዞረች።

«ፕሮግራሙን ዘግተሽ ከፈትሽው? እሱ ከሄደ በኋላ?»

«ለምን እዘጋዋለሁ? ወዲያው ነው የቀጠልኩት። የዘጋሁትማ በኋላ ነው፤ ሠላሳ ሦስትን እንዳተምኩ ወረቀት ተቀረቀረበት። አንቺ እንዳስተማርሽኝ ሁሉንም ነገር አጥፍቼ አበራሁት።»

ጠጋኟ ወደ ስክሪኑ ተመለሰች።  «ክፈት» የሚለውን ነካች። ትንሹ መስኮት ወጣ። ያለፈው ወር ፎልደር ውስጥ ገብታ እናቷ የጠቆመቻትን ቀን ፎልደር ከፈተች፣ ፋይሉን መረጠች፤ ዝርዝሩ ስክሪኑ ላይ ተዘረዘረ። ዘጋችው። ሁሉም ነገር እንደነበረ ነው፤ ያው መስኮት፣ ያው ቁልፍ፣ ከላይ የዛሬ ቀን ተጽፏል። ሃያ ሰባት ብላ አተመች።

ፕሪንተሩ አጉረመረመ። ወረቀቱ ወጣ።

ኤ።

«እመቤቴ ማርያም!» አለች እናትየዋ ከኋላዋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ጠጋኟ ይህን ፕሮግራም ስትጽፍ፣ የውጤት ፋይሉ የሚገኝበትን ሙሉ አድራሻ አልሰጠችውም። «ውጤት የሚባለውን ፋይል አንብብ» ብቻ ነው ያለችው። ዊንዶውስ ላይ እንዲህ በስም ብቻ የተጠራ ፋይል የሚፈለገው ፕሮግራሙ በዚያች ሰዓት በቆመበት ፎልደር ውስጥ ነው። ፕሮግራሙ ጠዋት ሲከፈት የሚቆመው የዛሬው ፎልደር ውስጥ ስለሆነ ሦስት ዓመት ሙሉ እንከን አልታየበትም። ሰው በ«ክፈት» መስኮት ሌላ ፎልደር ገብቶ ፋይል ሲመርጥ ግን ፕሮግራሙም አብሮት ይሄዳል፤ መስኮቱ ሲዘጋ እዚያው ቆሞ ይቀራል። ባለፈው ወር በእያንዳንዱ ቀን ፎልደር ውስጥም «ውጤት» የሚባል ፋይል አለ። የከረጢት ቁጥር ደግሞ በየቀኑ ከአንድ ይጀምራል። ፕሮግራሙ የሚፈልገውን ስም ስላገኘ አልጮኸም፣ አላስጠነቀቀም። የዛሬን ከረጢት ባለፈው ወር ሰው ደም ሰየመው፤ አበቃ። ጠፍቶ ሲበራ ወደ ቦታው ስለተመለሰ ደግሞ ወንጀሉን ሠርቶ እጁን የታጠበ ሆነ። ሃያ ስድስትና ሃያ ስምንት ትክክል የሆኑት በአጋጣሚ ነው፤ የብዙው ሰው ደም ኦ ስለሆነ።

ይህን ጠባይ ጠጋኟ ታውቀው ነበር። ተማሪ እያለች አንብባዋለች፣ ፈተና ላይ መልሳዋለች። «ክፈት» የሚለውን መስኮት ከዓመት በፊት ስትጨምር ግን አላሰበችውም። የጎደለው አንድ መስመር ነበር፤ ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ማውረድ ያቅታል የሚባለው ይህ ነው።

ግን አሁን ራሷን የምትወቅስበት ጊዜ አልነበረም።

«እማ፣ ከሃያ ሦስት እስከ ሠላሳ ሦስት። አሥራ አንድ ከረጢት። የት ናቸው?»

እናትየዋ መዝገቡን ሳበች። ጣቷ በመስመሮቹ ላይ ወረደ። ጠጋኟ በበኩሏ ሁለቱን ፋይሎች፣ የዛሬውንና ያለፈውን ወር፣ ጎን ለጎን ከፍታ አስተያየቻቸው። ሰባቱ ገጥመዋል። አራቱ ተለያይተዋል፤ ሃያ አራት፣ ሃያ ሰባት፣ ሠላሳ አንድና ሠላሳ ሦስት።

«ሃያ አራትና ሠላሳ ሦስት ፍሪጅ ውስጥ ናቸው» አለች እናትየዋ። «ሃያ ሰባት ይኸው። ሠላሳ አንድ...» ጣቷ ቆመ። «ሠላሳ አንድ ወጥቷል። አራት ተኩል ላይ። ወሊድ ሆስፒታል። አስቸኳይ ይላል።»

ጠጋኟ ስክሪኑን አየች። የሠላሳ አንድ እውነተኛ ደም ኤ ነው። መለያው ላይ የታተመው ኦ ኔጌቲቭ ነው።

ኦ ኔጌቲቭ ማለት ጊዜ ሲጠፋ ለማንም የሚሰጥ ደም ነው። ሌላውን ደም ሆስፒታሉ ያመሳክረዋል፤ ይህን ግን የምትሞት ሴት ፊታቸው ተኝታ እያለ ማንም አያመሳክርም። መለያውን ያያሉ፤ ይሰቅላሉ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ያ ወረቀት ደግሞ የያዘው ውሸት ነው።

እናትየዋ የሆስፒታሉን ስልክ ደወለች። ተይዟል። ደገመች። ተይዟል። ጠጋኟ በራሷ ስልክ የማዋለጃ ክፍሉን ሞከረች፤ ይጠራል፣ ይጠራል፣ አያነሱም።

«ማን ነው የወሰደው?» አለች።

«መብረቁ!»

መብረቁ የደም ባንኩ ሹፌር ነው። ይህን ስም ያወጡለት ለፌዝ ነው፤ ሲነዳ ኤሊ እንኳን ታልፈዋለች ይላሉ። መኪና ከማስነሳቱ በፊት አራቱን ጎማ ይዞራል፣ መስታወት ይወለውላል፣ ቀበቶውን ሁለት ጊዜ ይሞክራል። እናትየዋ ደወለችለትና ድምፅ ማጉያውን ከፍታ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«አቤት እትዬ!»

«የት ነህ?»

«እዚሁ ወሊድ ሆስፒታሉ ግቢ ነኝ። ልወጣ ስል የአንዱ መኪና ዘግቶኝ...»

«ስማኝ! መኪናውን ተወው። ሮጠህ ግባ! ያመጣሃት ከረጢት፣ ቁጥር ሠላሳ አንድ፣ መለያዋ ተሳስቷል። ኦ ኔጌቲቭ አይደለችም። እንዳይሰጧት!»

«መኪናውን የት ላቁመው እትዬ?»

«በሩን ክፍት ትተህ ሂድ ብዬሃለሁ! ስልኩን እንዳትዘጋ!»

ከዚያ በኋላ ከስልኩ የሚሰማው የሩጫ ድምፅና የሰውየው ትንፋሽ ብቻ ነበር። እናትና ልጅ ግራና ቀኝ ቆመው ያችን ትንሽ ስልክ አፈጠጡባት። ጥበቃ «ወዴት ነው?» ሲል ሰሙ። መብረቁ «የደም ነው! የደም ነው!» ብሎ ሲያልፍ ሰሙ። ደረጃ። በር። አንዲት ሴት «በጫማ አይገባም!» ብላ ስትቆጣ ሰሙ። 

«ሠላሳ አንድ!» ይጮኻል መብረቁ። «ሠላሳ አንድ ቁጥር የቱ ጋ ናት? አትስጧት!»

ብዙ ድምፅ ተደበላለቀ። ብረት ነገር ወደቀ። ከዚያ አንዲት ሴት ስልኩን ከእጁ ወሰደችው።

«ሃሎ፣ ማን ልበል? ነርሷ ነኝ።»

«ከደም ባንክ ነው» አለች እናትየዋ።  «እህቴ፣ ሠላሳ አንድ ቁጥር ከረጢት...»

«እጄ ላይ ናት፤ እያሞቅኳት ነበር። የመጀመሪያው ሊያልቅ ሲል ልሰቅላት። ምን ሆነች?»

እናትየዋ ወንበር አልፈለገችም፤ ባለችበት ወለሉ ላይ ተቀመጠች። የመለሰችው ጠጋኟ ናት። «መለያው ስህተት ነው። ኤ ነው ደሙ። ለይታችሁ አስቀምጡት።»

 «ታዲያ ምን ልስጣት?» አለች ነርሷ፤ ቁጣ አይደለም፣ ጭንቅ ነው። «ገና እየፈሰሳት ነው። የነበረችን ኦ ኔጌቲቭ አንዷ ብቻ ናት፤ እሷም አልቃለች።»

እናትየዋ ይህን ስትሰማ ተነሣች። ከቅድሙ ሴትዮ ሌላ ሰው የቆመ መሰለ። ፍሪጁን ከፈተች፤ ከትናንት በስቲያ የተለጠፈች አንዲት ኦ ኔጌቲቭ አወጣች። መለያውን ግን አላመነችም፤ በዚያች ሰዓት ማንኛውንም መለያ አላመነችም። ነጩን ሸክላ ሰሌዳ አወጣች፣ ከከረጢቱ ቱቦ ጫፍ ጥቂት ደም ጠብታ ጠብታ አድርጋ አሰለፈች፣ የመመርመሪያውን ጠርሙስ አንድ በአንድ አንጠባጠበች፣ በቀጭን ዘንግ አማሰለች።  ጠጋኟ ሰዓቱን ትቆጥራለች። ደሙ ኤ፣ ቢ ወይም ፖዚቲቭ ቢሆን ይረጋ ነበር፤ በየትኛውም ጠብታ ውስጥ ሳይረጋ ለስላሳ እንደሆነ ቀረ።

«ኦ ኔጌቲቭ ነው» አለች እናትየዋ። የታተመውን መለያ ላጠችና በራሷ እጅ፣ በወፍራም እስክሪብቶ ጽፋ ፈረመችበት። የመሥሪያ ቤቱ ሞተረኛ ከረጢቱን በሳጥን ይዞ በረረ።

ዶክተሩ ጫጫታውን ሰምቶ ወርዶ በሩ ላይ ቆሟል። ስልኩ ጆሮው ላይ ነው፤ የቅርንጫፍ ኃላፊ መስመሩ ላይ እየጠበቀው ነው። ምን እንደተፈጠረ ሲሰማ ግንባሩን ያዘ።

«ሁለተኛ ከረጢት? እንዴት?»

ጠጋኟ አፏን ስትከፍት እናቷ ቀደመቻት።

«እኔ ነኝ ዶክተር። ቅድም አፈርኩና ነው። በእጅ ነው ያስገባሁት። ዓይኔ ደክሟል፤ መስመር ዘለልኩ። የኔ ጥፋት ነው።»

ጠጋኟ ዞራ አየቻት። እናቷ አላየቻትም።

ዶክተሩ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። የሚያሳዝን ቢሆንም የሚቀልል መልስ ነበር። «እትዬ... እሺ። በኋላ እንነጋገራለን።» ከዚያ ስልኩን ወደ አፉ አስጠጋ። «ሃሎ፣ የሰው ስህተት ነው። ፕሮግራሙ ደህና ነው፤ እናንተ ቀጥ...»

«አይቀጥሉ!» አለች ጠጋኟ።

«ቆይ አንዴ» አለ ዶክተሩ በስልኩ።

«ፕሮግራሙ ነው የተሳሳተው። እኔ ነኝ። እማ በእጅ አላስገባችም፤ እየዋሸችዎት ነው።»

«ልጄ፣ አርፈሽ ተቀመጪ» አለች እናትየዋ በዝግታ።

ዶክተሩ ሁለቱን ተራ በተራ አየ። «እናትሽ ናት፤ ይገባኛል» አለ። «ማንም በአንቺ ቦታ ቢሆን ያደርገው ነበር። ግን ቅድም አንቺው ራስሽ ሦስት ጊዜ አትመሽ ትክክል ነበር። ቆሜ አይቻለሁ።»

«አሁንም ቆመው ይዩ።»

ፕሮግራሙን ዘጋችና እንደገና ከፈተችው። ሃያ ሰባት አተመች፤ ቢ። «ይህ ቅድም ያዩት ነው» አለች። «ክፈት» ብላ ያለፈው ወር ፎልደር ገባች፣ ፋይሉን መረጠች፣ ዘጋች። ወንበሩን ለቀቀችለት። «እርስዎ ያትሙት። እኔ አልነካም።»

ዶክተሩ ጎንበስ ብሎ በአንድ ጣቱ ሁለት፣ ሰባት ነካ። ወረቀቱ ወጣ። አነበበው። ሌላ አተመ፤ ሠላሳ አንድ። እሱንም አነበበው። ሁለቱን ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ከከረጢቱ አጠገብ አስቀመጠ።

«ይህ ነገር ቅርንጫፎቹ ጋርም አለ?»

«ሦስቱም ጋ አለ። አሮጌ ፋይል የከፈተ ሁሉ ይሳሳታል፤ መሳሳቱንም አያውቅም።»

ሰውየው ስልኩን ለእሷ ዘረጋላት። «ራስሽ ንገሪያቸው።»

ጠጋኟ ተቀበለችው። «ማተም አቁሙ» አለች። «ፕሮግራሙ ውስጥ ስህተት አለ። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዛሬና ትናንት ‹ክፈት› ብላችሁ የቆየ ፋይል አይታችኋል?» የመጀመሪያው አልከፈትንም አለ። ወደ ሁለተኛው ደወለች፤ አልከፈትንም አለ። ሦስተኛው ጋ ያነሳችው ሴት ጥያቄውን ስትሰማ መዝገብ ገለጠች።

«ትናንት ከምሳ በኋላ ከፍተን ነበር» አለች በመጨረሻ። «ከዚያ በኋላ ስምንት አትመናል።»

«ወጥተዋል?»

«አልወጡም። ፍሪጅ ውስጥ ናቸው። ልንልካቸው ልንጭን ነበር።»

ስምንቱ ሲመረመሩ ሁለቱ የተሳሳተ መለያ ይዘው ተገኙ።

ከሰዓት በኋላ ጠጋኟ ስህተቱን አረመችው። ሥራው ሩብ ሰዓት አልፈጀም፤ ለፋይሉ ሙሉ አድራሻውን መስጠት፣ የፋይሉ ቀን የዛሬ ካልሆነም ፕሮግራሙ ማተም እምቢ እንዲል ማድረግ። ማን መቼ ምን እንዳተመ የሚመዘግብ ነገርም ጨመረች፤ ይህን ሦስት ዓመት ሙሉ «በኋላ እሠራዋለሁ» ስትለው ኖራለች። ዶክተሩ ግን እንዲጫን አልፈቀደም።

«ሌላ ሰው ሳያየው አይሆንም» አላት። ልክ ነበር፤ አልተከራከረችም።

ከውጭ የመጣ ባለሙያ አራት ቀን ኮዱን ሲመረምር ሰነበተ። በእነዚያ አራት ቀናት በአራቱም ቦታ መለያው በእጅ ተጻፈ። ወጣቶቹ ሠራተኞች ምርመራውን በሸክላ ሰሌዳ አድርገው አያውቁም ነበርና እትዬ መለያ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየዞረች አስተማረቻቸው። ኮሚቴ ተቀምጦ ለጠጋኟ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጣት፤ ከእንግዲህም የጻፈችው ማንኛውም ፕሮግራም በሁለተኛ ሰው ሳይፈተሽ ሥራ ላይ እንዳይውል ወሰነ። አንብባ ፈረመች። ወሊድ ሆስፒታል የነበረችው ሴት በሦስተኛው ቀን ሴት ልጇን ታቅፋ መውጣቷን የነገራቸው መብረቁ ነው፤ አጥብቆ ጠይቆ ነው ያወቀው። በዚያ ቀን በሩን ክፍት የተወው መኪና ውስጥ አንድም ነገር እንዳልጠፋበትም አብሮ ነገራቸው፤ ከሁሉም የደነቀው ይኸው ነበር።

እናትየዋ ግን ልጇን ሁለት ቀን ሙሉ አላናገረቻትም። ሰላም ትላለች፣ ምግብ ታቀርባለች፣ ከዚያ ዝም። በሦስተኛው ቀን አብረው ከሥራ ወጥተው አውቶቡስ እየጠበቁ ሳለ ጠጋኟ አላስቻላትም።

«እማ፣ ለምን ዋሸሽ?»

«አንቺስ ለምን አዋረድሽኝ?»

«ማን አዋረደሽ?»

«‹እየዋሸችዎት ነው› አልሽዋ! በሠላሳ አንድ ዓመት ውሸታም ተብዬ አላውቅም።» አውቶቡሱ የሚመጣበትን መንገድ አየች። «እኔ ሁለት ወር ነው የቀረኝ። ምን ያደርጉኛል? ቢቆጡ ቤቴ እገባለሁ። አንቺ ገና ሠላሳ አልሞላሽም። ስምሽ አንዴ ከጠፋ ማን ሥራ ይሰጥሻል ብዬ ነው።»

«አንቺ ብትቀበዪው ፕሮግራሙ እንደተሳሳተ ይቀጥል ነበር።»

«እሱን አላሰብኩም» አለች እናትየዋ። ትንሽ ቆይታ፣ ዝግ ባለ ድምፅ ጨመረች። «አንቺን ብቻ ነው ያሰብኩት። ያቺ ቅርንጫፍ ስምንቱን ልትጭን ነበር ስትል ስሰማ ምን ላደርግ እንደነበር ገባኝ። ከዚያ ወዲህ አንቺን ሳይሽ በራሴ እያፈርኩ ነው እንጂ ተቆጥቼሽስ አይደለም።»

 ጠጋኟ የእናቷን ቦርሳ ተቀብላ በራሷ ትከሻ ላይ አንጠለጠለችው።

የታረመው ፕሮግራም ሰኞ ጠዋት ተጫነ። ዶክተሩ መጣ፣ ከውጭ የመጣው ባለሙያም ነበር። እናትየዋ ግን ሁለቱንም ከጠረጴዛው ገለል አደረገቻቸውና ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። «ክፈት» የሚለውን ነክታ ከአራት ወር በፊት የነበረ ፎልደር ገባች፣ አንድ ፋይል መረጠች፣ ዘጋች። ከዚያ ቁጥር አንድን አተመች። ላቦራቶሪው በእጅ ጽፎ ከሰጣት ዝርዝር ጋር አስተያየችው። ገጠመ። እንደገና ሌላ አሮጌ ፎልደር ከፈተች፤ ቁጥር ሁለትን አተመች።

«ትክክል ነው እኮ እትዬ» አለ ባለሙያው ፈገግ ብሎ።

«የዛሬው ሃምሳ ሁለት ከረጢት ነው፤ ገና ሁለቱን ነው ያየሁት» አለችው ዞር ሳትል። ጠጋኟ ዝርዝሩን ይዛ አጠገቧ ቆመች፤ አንዷ ቁጥሩን ስታነብ አንዷ ደሙን እየተናገረች ሃምሳ ሁለቱንም ጨረሱ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል እናትየዋ መዝገቡ ላይ ፈረመች፤ ልጇም ከሥሯ ፈረመች፤ መብረቁም ሳጥኖቹን ሊጭን ገብቶ አራቱንም ጎማ ዞሮ ማየቱን አረጋገጠላቸው።